ሥራው አሥር ቀን፣ ሌላው መጠበቅ

ከሜክሲኮ አደባባይ ተነስቶ በለገሃር በኩል እስከ ስታዲየም በእግሩ የሚሄድ ሰው፣ ቁመቱን ጨርሶ ገና በአረንጓዴ መረብ የተሸፈነ ሕንጻ ሳያይ አያልፍም። አጥሩ ላይ የተሰቀለው ታፔላ የባለቤቱን፣ የአማካሪውንና የኮንትራክተሩን ስም በትልቁ ይዟል። «ሥራው የሚጠናቀቅበት ጊዜ» ከሚለው ጎን ያለው ግን ብዙ ጊዜ ወይ ደብዝዟል፣ ወይ ከነጭራሹ ባዶ ነው። የኔ እንጀራ ያቺ ባዶ ቦታ ናት። ፕላኒንግ ኢንጂነር ነኝ፤ ሳይት ላይ «ስኬጁል የምትሠራዋ» ይሉኛል። ዘመዶቼ ሕንጻ የምሠራ ይመስላቸዋል። እኔ የምሠራው ሕንጻው መቼ እንደሚያልቅ የሚናገር ወረቀት ነው፤ ወረቀቱም አብዛኛውን ጊዜ ሕንጻው ሳያልቅ ያረጃል።

«ፕሮጀክት ለምን ይዘገያል?» ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች የሚጠብቁት መልስ ሁለት ነው፤ ወይ ሙስና፣ ወይ ስንፍና። ሁለቱም አሉ፣ አልክድም። ግን ሁለቱም ባይኖሩ እንኳ ስኬጁሉ ይፋለስ ነበር ባይ ነኝ። ልስን ስንት ቀን እንደሚፈጅ ግንበኛው ያውቃል። ፌሮ ማሰር ስንት ቀን እንደሚወስድ ፌራዮው ያውቃል። ቀለም ቀቢውም እንደዚያው። የሥራውን ርዝመት ስንገምት ብዙም አንስትም። የምንስተው በአንዱ ሥራና በሚቀጥለው መካከል ያለውን ጊዜ እንደሌለ ቆጥረን ስለምናልፈው ነው።

ይህን ያስረዳኝ አንድ ሽማግሌ ፎርማን ነው፤ በደርግ ጊዜ ቀን ሠራተኛ ሆኖ ጀምሮ እዚህ የደረሰ። ስኬጁል የሚያዘጋጅ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ የአራተኛው ፎቅ ልስን ስንት ቀን ይፈጃል?»

«አንቺ ስንት ቀን እንዲፈጅ ነው የምትፈልጊው?»

እየቀለደ አልነበረም። ለእሱ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ቢሮ ውስጥ የተቆረጠ ቀን አለ፣ ልጅቷ ደግሞ በትህትና ልታስማማኝ መጣች። ከዚያ በፊት ከቢሮ የወረዱት ሁሉ ያደረጉት እንደዚያ ነው። ጥያቄውን ቀየርኩት።

«እሺ፣ ሦስተኛው ፎቅስ? መቼ ጀመራችሁ፣ መቼ ጨረሳችሁ?»

አሁን ብሎኬት ስቦ ተቀመጠ። የጀመርነው ከጥምቀት በፊት ነው አለ። ከዚያ አሸዋ ጠፋ። አሸዋው ሲመጣ የውሃ ፈረቃው ዘለለን፤ ቦቴ ተለመነ። ቦቴው ሲመጣ ግድግዳ ውስጥ መቀበር የነበረበት የኤሌክትሪክ ቱቦ ተረስቷል ተባለና አንደኛው ክንፍ ቆመ። ስዕሉ ይስተካከል ተባለ፤ ስዕሉ ወደ አማካሪው ሄደ፤ አማካሪው መስክ ወጥቷል። ልስኑ ሲያልቅ ደብረ ዘይት ደርሶ ነበር።

«ሥራው እኮ አሥር ቀን ነው ልጄ» አለኝ፤ «ሌላው መጠበቅ ነው።»

በወሩ ሪፖርት ላይ ያ ሁሉ ታሪክ «ልስን፣ ዘግይቷል» ተብሎ አንድ መስመር ሆነ። አሸዋው፣ ቦቴው፣ መስክ የወጣው አማካሪ የሉም። የሚቀጥለውን ፎቅ የሚያቅደው ሰው ሪፖርቱን አንብቦ ግንበኞቹ ሰነፎች መሆናቸውን ይረዳል፤ ወይ ግንበኛ ይጨምራል፣ ወይ ይቀይራል። ግንበኛ ሲጨመር አሸዋ ቶሎ አይመጣም።

እዚህ ላይ «የሐበሻ ቀጠሮ» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አባባሉን አልወደውም፤ ነገሩን ያስረዳ እየመሰለ በሩን ዘግቶ ይሄዳል። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ተቨርስኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ስለዚህ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1979 ሲጽፉ እኛን አይተው አልነበረም። ሰው የራሱን ሥራ ጊዜ ሲገምት፣ ያለፈው ተመሳሳይ ሥራ ስንት እንደፈጀ መጠየቁን ትቶ ፊቱ ያለውን እቅድ ብቻ ያያል፤ እቅድ ውስጥ ደግሞ ሁሉ ነገር በተራው ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ የካናዳ ጥናት የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚጽፉ ተማሪዎችን መቼ ትጨርሳላችሁ ብሎ ጠየቀ። በአማካይ 34 ቀን ገደማ አሉ። ሁሉ ነገር ቢበላሽባችሁስ ሲባሉ 49 ቀን ገደማ። የፈጀባቸው ከ55 ቀን በላይ ነው። የክፉ ቀን ግምታቸው እንኳ እውነቱ ላይ አልደረሰም። የሲድኒው ኦፔራ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1963 ያልቃል ተብሎ በ1973 ነው የተመረቀው፤ 7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር የተባለው ወጪ 102 ሚሊዮን ደርሶ። በዚያ ዘመን ሲድኒ ውስጥ የሐበሻ ቀጠሮ የሚያስተምር ሰው የነበረ አይመስለኝም።

ጊዜን ማሳነስ የሰው ሁሉ ጠባይ ከሆነ፣ የኛ የራሳችን የሆኑት የምንጠብቃቸው ነገሮች ናቸው። እነሱን ደግሞ ከውጭ መጽሐፍ ላይ አናገኛቸውም።

እኛ ኢንጂነሮች በትምህርት ቤት ሁላችንም የተማርናት አንዲት ቀመር አለች። እ.ኤ.አ. በ1958 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ፖላሪስ የተባለውን ከሰርጓጅ መርከብ የሚተኮስ ሚሳይል ሲያሠራ የተዘጋጀው፣ ፐርት የሚባለው ዘዴ ነው። ለአንድ ሥራ ሦስት ቁጥር ትጠይቃላችሁ፤ ሁሉ ቢሳካ፣ እንደወትሮው ቢሆን፣ ሁሉ ቢበላሽ። የመካከለኛውን በአራት አባዝታችሁ ሁለቱን ትጨምሩበትና ለስድስት ታካፍላላችሁ።

ለምሳሌ ያህል የአንድ ፎቅ ልስን ሁሉ ቢሳካ 9 ቀን፣ እንደወትሮው 11፣ ቢበላሽ 13 ይሁን። ውጤቱ 11 ቀን ነው። አሁን ደግሞ ያንን የተስተካከለ ስዕል ማጸደቅን እንውሰድ። ቢሳካ በ3 ቀን ያልቃል፤ እንደወትሮው በ7፤ ፈራሚው ወኪል ሳይተው ሥልጠና ከሄደና ሲመለስ ደግሞ ጥያቄ ካነሳ 35 ቀን። ሦስት፣ ሃያ ስምንትና ሠላሳ አምስት 66 ይሆናሉ፤ ለስድስት ሲካፈል 11 ቀን።

ሁለቱም 11። ሶፍትዌሩ ላይ እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት ሰማያዊ መስመሮች ሆነው ይቀመጣሉ። አንደኛው ቢንቀሳቀስ ሁለት ቀን ወዲህ፣ ሁለት ቀን ወዲያ ነው። ሌላው ወር ሙሉ ይዞ ሊጠፋ ይችላል። ይህንንም የሚለካ ቀመር አለ፤ ትልቁን ከትንሹ ቀንሶ ለስድስት ማካፈል። ለልስኑ አንድ ቀን አይሞላም፤ ለፊርማው ከአምስት ቀን ይበልጣል። ይህን ሁለተኛ ቁጥር አምጪ ያለኝ ኃላፊ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ሁሉም የሚፈልገው 11ን ነው።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁን ወለል አርማታ፣ ለመሙላት ሦስት ነገር በአንድ ቀን መገናኘት አለበት፤ ፌሮው መታሰሩ፣ የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ ቱቦው መዘርጋቱ፣ ተቆጣጣሪው አይቶ መፍቀዱ። እያንዳንዳቸው ከአሥር ጊዜ ስምንቱን በቀኑ ቢደርሱ ጎበዝ ቡድን ነው ትላላችሁ። ሦስቱም አብረው በቀኑ የሚገኙት ግን 0.8 ሦስት ጊዜ ተባዝቶ 0.51 ነው፤ ግማሽ በግማሽ ማለት ነው። መሀል ከተማ ከባድ መኪና ቀን እንደልቡ ስለማይገባ ሚክሰሩ የሚጠበቀው ማታ ነው፤ ያ ማታ ካመለጠ ደግሞ እንደገና ወረፋ። ስብሰባው ላይ ግን ሦስቱም ክፍሎች «እኔ ደርሻለሁ» እያሉ ይምላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሁሉም በየራሱ ቀን ደርሷል።

ስለ መጠበቅ ማሰብ ስጀምር የለገሃርን የባቡር ጣቢያ በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። አፄ ምኒልክ ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ሥራው ከጅቡቲ በ1897 ተጀምሮ በ1902 ማብቂያ ላይ ሐዲዱ ድሬዳዋ ገባ። ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ፣ አብዛኛው በረሃ፣ በአምስት ዓመት። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ባቡሩ እዚህ የደረሰው ግን በ1917 ነው። ቀሪው መንገድ አዋሽን መሻገርና ደጋውን መውጣት አለበት፣ እሺ። ያ ብቻውን ግን አሥራ አምስት ዓመት አይሆንም። ኩባንያው ገንዘብ አለቀበት፤ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣሊያን በ1906 እስኪዋዋሉ ባቡሩ በማን እጅ ይሁን የሚለው ሲያከራክር ቆየ፤ ከዚያም ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራውን እስኪረከብ ሐዲዱ ለዓመታት ድሬዳዋ ላይ ቆመ። ዛሬ ፍቅር የምንላት ድሬዳዋም በከፊል የዚያ መቆም ልጅ ናት። ያኔ ስኬጁል የሚሠራ ሰው ቢኖር የቀረውን ኪሎ ሜትር በቀን ለሚነጠፈው ሐዲድ አካፍሎ፣ በ1910 ምናምን ይደርሳል ባለ ነበር። እኛም ካሬ ሜትሩን ለአንድ ግንበኛ የቀን ምርት አካፍለን «አሥር ቀን» እንላለን።

ክሪቲካል ፓዝ የሚባለው ስሌት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ ፋብሪካዎቹን ለመሥራትና ለመጠገን ያዘጋጀው ነው። አንድ ቀን ቢዘገይ ሙሉ ፕሮጀክቱን አንድ ቀን የሚያዘገየውን የሥራ ሰንሰለት ለይቶ ያወጣል። ድንቅ ዘዴ ነው፤ ዛሬም የምሠራበት እሱን ነው። ግን ሰንሰለቱ ውስጥ የሚገባው የጻፍነው ብቻ ነው። ፊርማ እንደ ሥራ ካልተጻፈ ስሌቱ አያየውም፤ ስለዚህ ወረቀታችን ላይ ሰንሰለቱን የሚያሳየው ቀዩ መስመር ከመሠረት በኮለን፣ ከኮለን በሶሌታ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። እኔ ባየሁት ግን የአዲስ አበባ ሕንጻ ቀይ መስመር ከሳይት ወጥቶ ቢሮ ይገባል፣ ባንክ ይሄዳል፣ ጉምሩክ ያድራል፣ ሲመሽ ወደ ሳይት ይመለሳል።

መጠበቅ ሁሉ ብክነት ነው ማለቴ አይደለም። የአርማታ ጥንካሬ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው፤ በሰባተኛው ቀን ከዚያ ሁለት ሦስተኛውን ያህል ይደርሳል። የጎኑ ጣውላ ቶሎ ይነቀላል፤ ሶሌታውን ከሥር የተሸከመው ቋሚ ግን ሳምንታት ይቆያል። እንደ እንጀራ ሊጥ ነው፤ ማቡካቱ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፣ እስኪደርስ ግን ቀናት ይፈልጋል፣ ጎረቤቱን ሁሉ ብትጠሩ አይፈጥንም። ልስኑ ሳይደርቅ የተቀባ ቀለምም ይላጣል፤ ክረምት ላይ ደግሞ መድረቂያው ይረዝማል። «ቋሚውን አንሱልኝ፣ ታችኛውን ፎቅ ልጠቀምበት» የሚል ባለቤት አጋጥሞኝ ያውቃል። በእንዲህ ያለው ነገር ላይ ድርድር የለም።

የካላንደሩ ነገር ለብቻው ነው። ስኬጁል የምንሠራባቸው ሶፍትዌሮች፣ ፕሪማቬራም ሆነ ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት፣ ሲከፈት የፈረንጅ ካላንደር ይዞ ይመጣል፤ ቅዳሜና እሑድ ዝግ። እኛ ጋ ቅዳሜ ሥራ ነው። ገናን ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀትን ጥር 11፣ ዓድዋን የካቲት 23 እያሉ በእጅ ማስገባት፣ ፋሲካን በየዓመቱ ማስላት፣ ኢድን ጨረቃ እስክትታይ አንድ ቀን ወዲያ ወዲህ ክፍት መተው የኔ ሥራ ነው። ይህ ቀላሉ ነው፤ ቀይ ሆኖ የተጻፈ ቀን ማንንም አያሳስትም።

መስቀል ግን ያሳስታል። በካላንደሩ አንድ ቀን ነው፤ መስከረም 17። የጉራጌ ወይም የጋሞ ልጆች ያሉበትን ቡድን የያዘ ሰው ግን መስቀል አንድ ቀን እንዳልሆነ ያውቃል። ልጆቹ አገራቸው ይገባሉ፤ ዓመቱን ሙሉ ሲቆጥቡ የከረሙት ለዚያ ነው። አውቶቡስ ተራ ቀድሞ ይጨናነቃል፤ ሲመለሱም ሁሉም በአንድ ቀን አይመለሱም። መርካቶ ራሱ ግማሹ ዝግ ስለሚሆን፣ ሰው ቢኖር እንኳ ዕቃ የሚገዛበት ሱቅ ይጠፋል። በወሩ ሪፖርት ላይ ይህን «ያልታሰበ የሠራተኛ እጥረት» ብሎ የሚጽፍ ሰው ያስቀኛል። በየዓመቱ በዚያው ቀን የሚመጣ ነገር እንዴት ያልታሰበ ይሆናል? ኅዳርና ታኅሣሥ አዝመራ ሲሰበሰብም ከገጠር የመጣው ቀን ሠራተኛ ይሳሳል፤ እሱንም ሁልጊዜ እንገረምበታለን።

ሰኔ 30 ደግሞ አለ። የመንግሥት በጀት ዓመት በዚያ ቀን ተዘግቶ ሐምሌ 1 ይከፈታል፤ በወረቀት በመካከላቸው አንድ ሌሊት ነው ያለው። የመንግሥት ሥራ የያዘ ኮንትራክተር ግን ሰኔን የክፍያ ሰርተፊኬት ይዞ ሲሯሯጥ ያሳልፋል፤ ያመለጠው ሰነድ አዲሱ በጀት ተደልድሎ እስኪወርድ መሳቢያ ውስጥ ይከርማል። ሰነዱ ከከረመ ብሩ ይከርማል፤ ብሩ ከከረመ ሲሚንቶው። ዝናቡም በዚያው ሰሞን ነው። እኔ ሐምሌንና ጥርን በአንድ የምርት መጠን አላሰላም፤ ጥር ላይ የሚቆፈረውን ሐምሌ ላይ እቆፍራለሁ የሚል ካለ ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ውሃ መጥቶ ይይልኝ።

እነዚህን ሁሉ የማውቀው በስሌት አይደለም። የፎርማኑ መልስ ከሰማሁ ወዲህ ደብተር አለኝ። በስተግራ አንድ ነገር የተጠየቀበት ቀን፣ በስተቀኝ የተገኘበት ቀን። ሌላ ነገር አልጽፍም፤ ምክንያትም አልጽፍም፣ ምክንያት ሁልጊዜ ጥሩ ነው። ሲከማች መጠበቅ የራሱ ሥርዓት እንዳለው ይታያል። ሐሙስ ከሰዓት የገባ የፍተሻ ጥያቄ ዓርብ አይታይም ማለት ይቻላል፤ ዓርብ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከ5፡30 እስከ 7፡30 የስግደት እረፍት ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚመለስ ሁሉ አይመለስም፣ ቅዳሜ ተቆጣጣሪው አይመጣም። ማክሰኞ ጠዋት የገባው ያው ጥያቄ በማግስቱ ይታያል። ስለዚህ ሶሌታ የምንሞላበትን ቀን ወደ ኋላ ቆጥሬ ጥያቄው ማክሰኞ እንዲገባ አደርጋለሁ። ይህ ብልሃት የትም አልተጻፈም፣ ገንዘብም አያስወጣም።

ታዲያ መጠበቅ እንዲህ በደብተር የሚታወቅ ከሆነ ስኬጁል ላይ ለምን አይጻፍም? ችግሩ የሙያ አይደለም፤ አንድ መስመር መጨመር ነው፤ «የስዕል ማጽደቂያ፣ 20 ቀን»። የማይጻፈው መጠበቅ ምንጊዜም የአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ስለሚሆን ነው። ልስን ቢዘገይ ተወቃሹ ግንበኛው ነው፤ እሱ ደግሞ ስብሰባ አይገባም። ፊርማ ቢዘገይ ተወቃሹ ስብሰባውን የሚመራው ሰው ነው። በሱ ፊት ሃያ ቀን ብሎ ከመጻፍ ከልስኑ ላይ አምስት ቀን መቀማት ይቀላል።

አንድ ጊዜ በሳምንታዊ ስብሰባችን ሠንጠረዥ ላይ አንድ ዓምድ ጨመርኩ፤ «አሁን ማን ዘንድ ነው?» የሚል። ከሥሩ የሰው ስም፣ ከጎኑ እሱ ዘንድ የገባበት ቀን። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከባለቤቱ ወገን የነበሩ ትልቅ ሰው በጨዋ ደንብ «እህቴ፣ ይሄ እኮ ክስ ይመስላል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ይመስላል። ታላቅን ሰው «እርስዎ ዘንድ ቆሟል» ማለት ይከብዳል፤ ይሉኝታው አለ፣ ከይሉኝታውም በላይ የሚቀጥለው ክፍያችን የሚያልፈው በእርሳቸው እጅ ነው። ተደራድረን ስሙ በክፍል ተተካ፤ «ቴክኒክ»፣ «ፋይናንስ»፣ «የሚመለከተው አካል»። ውሎ አድሮ ከግማሽ በላዩ «የሚመለከተው አካል» ሆነ። ይህ አካል ቢሮው የት እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፤ ብዙ ሰነድ አለኝ እሱ ዘንድ።

የሚገርመው፣ ያው ነውር የተባለ ዓምድ በኋላ ይፈለጋል። በመንግሥት ግዥ ውሎች የተለመደው የመዘግየት ቅጣት በቀን ከሺህ አንድ ነው፤ ጣሪያው አሥር በመቶ። ቅጣቱ ሲመጣ ኮንትራክተሩ የጊዜ ማራዘሚያ ይጠይቃል፤ ለመጠየቅ ደግሞ የትኛው ቀን በማን እንደባከነ መዘርዘር ግድ ነው። ያን ጊዜ የገቢ ማኅተም የተመታበት ደብዳቤ ሁሉ ከፋይል ይወጣል። መጠበቅን አስቀድሞ መገመት ብልግና ይሆናል፣ ካለፈ በኋላ መቁጠር ግን መብት ነው። ሁሉም ወገን ይህን ስለሚያውቅ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ደብዳቤ ያከማቻል። ያ ሁሉ ጽሕፈት ግማሹ እንኳ ስኬጁሉ ሲሠራ ቢጻፍ ኖሮ እላለሁ።

በ2016 በተጀመረው የኮሪደር ልማት ጊዜ ብዙ ሰው «ቢፈለግ ይቻላል ማለት ነው» ሲል ሰምቻለሁ። እኔን የሳበኝ ሌላ ነው። በፒያሳና በአራት ኪሎ ድንጋይ የሚያነጥፈው ሰው ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ ሲያነጥፍ የነበረው ሰው ነው፤ እጁ አልፈጠነም። ሌት ተቀን ተሠራ፣ ያ አንድ ነገር ነው። ከዚያ የበለጠው ግን ወሳኙ ሰው ሥራው ላይ መቆሙ ነው፤ በንጣፉና በቱቦው፣ በቱቦውና በመብራቱ መካከል ያለው ቀን ተበላ። ግን ደግሞ የተበላው ቀን ሁሉ የቢሮ ቀን አልነበረም። ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሱ ሰዎች ለመነሳት የሚያስፈልጋቸው ጊዜም እዚያ ውስጥ ነበር። ዕድሜ የተኖረበትን ሰፈር ለመልቀቅ፣ ልጅን ከትምህርት ቤት ለማዛወር፣ ዕድርን ለመሰናበት የሚፈጀው ጊዜ ከአርማታው ወገን ነው፤ ሲቸኩሉበት ይሰነጠቃል።

ስለ በመቶም ትንሽ ልበል። «ግንባታው 85 በመቶ ደርሷል» የሚለው ዜና የሚሰላው አብዛኛውን ጊዜ በተሠራው ሥራ ዋጋ ነው። ፌሮና አርማታ ብዙ ብር ይበላሉ፣ ስለዚህ በመቶው መጀመሪያ ላይ ይሮጣል። ፊኒሺንግ ደግሞ ብዙ ሙያ፣ ብዙ ፊርማና ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ይበላል። ሊፍትን እዩት። መግጠሙ የሳምንታት ሥራ ነው። ከዚያ በፊት ዓይነቱ ይመረጣል፣ ኤልሲ የሚባለው የባንክ የክፍያ ዋስትና ይከፈታል፣ ፋብሪካው ይሠራል፣ መርከብ ይጫናል፣ ጅቡቲ ይራገፋል፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይገባል፣ ቀረጥ ይከፈላል። ከሐምሌ 2016 በፊት ጭንቀቱ ዶላር የሚገኝበት ወረፋ ነበር፤ የምንዛሪው ሥርዓት ከተለወጠ በኋላ ደግሞ በድሮው ምንዛሪ የተሰጠ ዋጋ እንደገና ድርድር ገባ። በብር 85 በመቶ የደረሰ ሕንጻ በጊዜ ግማሽ መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ዜናው ውሸት ሳይሆን።

አሁን የያዝኩት ሥራ ሰንጋ ተራ አካባቢ ነው። ባለቤቱ ነጋዴ ናቸው፤ ምድር ቤቱን ለባንክ ሊያከራዩ ተነጋግረዋል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ይጠናቀቃል ብዬ ስጽፍላቸው «እኔ ከዚህ እስከዚያ አይገባኝም፣ ለተከራዬ የምነግረው አንድ ቀን ስጪኝ» አሉ። መብታቸው ነው፤ ባንክ ቅርንጫፉን በግምት አይከፍትም። ስለዚህ ሁለት ቀን ሰጠኋቸው። አንደኛው ቡድኑ የሚሠራበት፣ የካቲት ላይ። ሁለተኛው ለባንኩ የሚነገር፣ ግንቦት ላይ። በሁለቱ መካከል ያለው መጠበቂያ ነው፤ የምን እንደሆነም ዘረዘርኩት፤ ሊፍቱ፣ የኃይል መስመሩ፣ ፋሲካው፣ ከዚያም «እርስዎ ሴራሚክ እስኪመርጡ»። ሲያነቡት ሳቁ። «እኔንም አስገባሽኝ?» አሉና ሴራሚኩን በዚያው ሳምንት መረጡ። ለባንኩ የነገሩት ግን የካቲትን ነው።

ባንኩን በብዙ ልመና ወደ ግንቦት ከመለስነው ወዲህ ለእርሳቸው የምልከው ሩቁን ቀን ብቻ ነው፤ ቅርቡ እኔና ፎርማኑ ዘንድ ይቀራል። ይህም የራሱ ጣጣ አለው። ፓርኪንሰን የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1955 እንደጻፈው ሥራ የተሰጠውን ጊዜ እስኪሞላ ይለጠጣል፤ ግንቦት የሚለው ወሬ ሳይት ከደረሰ በየካቲት የሚጨርስ የለም። የዚህ ሳይት ፎርማን ወጣት ነው፣ ፈጣን ልጅ። ሰሞኑን ባለቤቱ ለጉብኝት መጥተው ልጁን ትከሻውን ይዘው «በግንቦት ነው አይደል የምታስረክቡኝ?» አሉት። በእጁ የያዘው ወረቀት የካቲት ይላል። ዞሮ አየኝ፣ ወረቀቱን አጠፈና «እግዚአብሔር ካለ፣ ጋሼ» አላቸው።